የታላቅ ተራ

«ባዶ መሬት ላይ ሰው አይቀበርም» አሉ ሽማግሌው ኦቹካ፣ የሻይ ኩባያቸውን መሬት አስቀምጠው። «ቤት ያልቆመበት ሜዳ ላይ ልጄን አልጥለውም።»

ወንዶቹ ማንጎው ሥር ተሰብስበዋል። አኬዮ እንደ ሐዘን ወጉ የባሏን የኦዩጊን ኮት ገልብጣ ለብሳ ጎጆዋ ደጃፍ ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። ኦዩጊ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። ሸንኮራ የጫነው ትራክተር ቁልቁለት ላይ ተገልብጦበት ሞተ። አስከሬኑ ከኪሱሙ ሆስፒታል ዓርብ ይመጣል።

«አባቴ፣ የገዛው መሬት እኮ ነው» አለች አማቷን። «ወረቀቱ በስሙ ነው። ነገ ጎጆ ይቁምበት። ወንድሞቼ መጥተው በአንድ ቀን ያቆሙታል።»

«ማን ገባበት ሊባል?» አሉ ኦቹካ። «የአዲስ ግቢ ደጅ የሚከፍተው ወንድ ነው፤ ያውም በሕይወት ያለ።»

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ክንዷን ጎተት አደረጉ። «ተዪ፣ የአዴሮ እናት» አለቻት አንዷ በሹክሹክታ። «ዓመቱ ሲወጣ ከዘመዶቹ አንዱ ይወርስሽና እዚያው ይሠራልሻል።»

አኬዮ የኮቱን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ሌላ ወንድ፣ በኦዩጊ መሬት ላይ።

ከስድስት ዓመት በፊት ነበር የገዙት፤ ከወንዙ ማዶ፣ አገር ለቆ ከሚሄድ አስተማሪ። በተፈራረሙ ማግስት ልጃቸውን አዴሮን አዝላ አብራው ሄደች። ሣሩ ወገቧ ድረስ ይደርሳል። ወጥ ቤቱ በየት በኩል ይሁን በሚለው ተጨቃጨቁ፤ እሷ ከነፋሱ ይከለል ትላለች፣ እሱ መንገዱን ይይ ይላል። ሊመለሱ ሲሉ ኦዩጊ ሸሚዙን አውልቆ የተከለው እንጨት ላይ ሰቀለው። «ባለቤት እንዳለው ይወቁ» ብሎ መንደሩን ሁሉ ደረቱን ገልጦ አቋርጦ ገባ። እሷ በሳቅ መራመድ አቅቷት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ምሰሶ አልቆመም። ታናሽ ታላቁን ቀድሞ ከአባቱ ግቢ አይወጣም፤ ታላቅ ወንድሙ ኦጉቱ ደግሞ አልወጣም። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ እሱም ከመጠጥ ቤት አይጠፋም። ኦዩጊ ለራሱ ያጠራቀመውን ቆርቆሮ ሰጠው፤ «አንተ ጀምር፣ እኔ እከተልሃለሁ» ብሎ። ኦጉቱ ሸጦ ጠጣበት።

«እለፈው!» አለችው አኬዮ ያን ቀን።

«ወንድሜን ዘልዬ በሠራሁት ቤት ልጄ አታድግም።»

በሞተበት ዕለት ጠዋትም ያንኑ ነገር አንስተው ነበር። «እንግዲያው ስንሞት እንሠራዋለን» አለችው። ገንፎው ቀርቦለት ሳይቀምስ ወጣ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አራት ቀን ሙሉ ሰው ሊያጽናናት በተጠጋ ቁጥር ያ ቃሏ ትዝ ይላታል።

ከሰሌኑ ተነሣች። ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ በመሃላቸው አልፋ ወንዶቹ ጋ ሄደችና ኦጉቱ ፊት ተንበረከከች።

«ታላቁ አንተ ነህ። ‹ይለፈኝ› በል። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ይህችን ቃል ብቻ።»

ኦጉቱ ዛሬ አልጠጣም። ከንፈሩን ከፈት አደረገ፤ ከዚያ አባቱን አየ።

«እሱ ምን ቃል አለው?» አሉ ኦቹካ። «ራሱ ደጅ የለው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኦጉቱ አቀረቀረ። ነገሩም በዚያው አለቀ፤ ኦዩጊ አባቱ ግቢ፣ ከበሩ በስተግራ፣ የራሳቸው ደጅ የሌላቸው ወንዶች ልጆች በሚያርፉበት እንዲቀበር ተቆረጠ።

ዓርብ ማለዳ ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወጡ። አስከሬኑን የጫነችው መኪና ከመንገዱ ስትታጠፍ ለቅሶው ከግቢው ዳር እስከ ዳር ተነሣ። አብሯቸው ሲቆፍር የነበረው ኦጉቱ ብቻ መቃብሩ ውስጥ ቀረ። ዶማውን አልለቅም አለ፤ ያለቀውን ጉድጓድ መቆፈሩን ቀጠለ።

«በቃ፣ ውጣ እንጂ» አለው አንዱ ከላይ።

«ስድስት ዓመት ጠበቀኝ» አለ ኦጉቱ ቀና ሳይል። «አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም።»

አባቱ ጠሩት፤ አልሰማም። ሁለት ወጣቶች ሊያወጡት ጎንበስ ሲሉ ዶማውን አነሣባቸው። ሳጥኑ በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

አኬዮ መጣች። «ሚስት እዚህ አትቀርብም» ያሉትን አሮጊት አለፈቻቸው። ቁልቁል አየችው። ፊቱ በጭቃና በእንባ ተለውሷል፤ አገጩ የኦዩጊን አገጭ ይመስላል። ሰሞኑን ሙሉ ልትረግመው ያዘጋጀችው ቃል ነበራት፤ ፈለገችው፣ አጣችው።

«ውጣለት፣ ኦጉቱ» አለችው ቀስ ብላ። «አሁንም ቦታውን ይዘህበታል።»

ዶማው ከእጁ ወደቀ። አኬዮ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችለት፤ ጭቃ የለበሰ እጁን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና፣ ሽቅብ ጎተተችው።