በቅሎ የተሰጠው ወፍጮ

ዐፊፋ ወፍጮዋን ከቤት አስወጥታ ግቢው መሃል ስታስቀምጥ፣ ባሏ ሐምዳን አራቱን አህዮች በየተራ ጀርባቸውን እየዳበሰ ነበር። ቀና ብሎ ድንጋዩን አየ። ሃያ ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ሚስቱ አንድ ዕቃ አውጥታ ግቢ መሃል ካስቀመጠች፣ ዕቃው መንገድ ሊሄድ እንደሆነ ያውቃል።

ጊዜው 1893 ዓ.ም.፣ የጥቅምት ወር መጀመሪያ ነው። ከአሶሳ እስከ ጉባ በአህያ የዐሥር ቀን መንገድ ነበር። ልጃቸው ዓዲላ እዚያ ካገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ነጋዴ መልእክቷን ይዞ መጥቶ፣ «ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እናቴ ትምጣልኝ። ደግሞ እዚህ ያለው ወፍጮ አሸዋ ይተፋል፤ ገንፎ በበላን ቁጥር ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል ብላለች» ብሎ ነገራቸው። ሐምዳን ከዚህ ሁሉ የሰማው «እናቴ ትምጣልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ዐፊፋ ግን አንድም አላመለጣትም።

ጭነቱን የሚያሰናዳላቸው ዋኘው የሚባል ሰው ነበር። ከመተከል ደጋ ጫፍ የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሲራራ ነጋዴዎችን ከብት ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረ ጎልማሳ ነው። ወደ ሚስቱ ወደ የሺሀረግ የሚመለስበት መንገድ በጉባ በኩል ስለሆነ አብሯቸው ሊሄድ ተስማማ።

ዋኘው መጀመሪያ አንድ ረጅም ቀርከሃ ቆርጦ መሃሉን በገመድ አስሮ ከግቢው ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለው። በአንዱ ጫፍ አንድ ስልቻ፣ በሌላው ጫፍ ሌላ ስልቻ እየሰቀለ፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ካንዱ ቀንሶ ለሌላው ይጨምራል።

«አህያ ክብደቱን ይችለዋል፤ መንጋደዱን ነው የማይችለው» አለ እየሠራ። «ግራና ቀኙ ካልተካከለ ከጭነቱ ሥር ያለው ኩርታን ይዞራል። ኩርታኑ ከዞረ ጀርባው ይገጠባል። ጀርባው ከተገጠበ ደግሞ ጉባን አያያትም።»

ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ የደረቀው ባሚያና ማሩ ተራ በተራ ቀርከሃው ላይ ወጡ። የሸክላው እንስራ ወደ ቤት ተመለሰና በምትኩ ሦስት ቅል ተያዘ። ዐፊፋ አልተከራከረችም። ወፍጮው ጋ ሲደረስ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

ዋኘው ድንጋዩን እስከ ጉልበቱ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «እሜቴ ዐፊፋ፣ ይሄ እኮ አንድ ድንጋይ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም። በየትኛው ጎን ልሰቅለው ነው?»

«ባንዱ ጎን እሱን፣ በሌላው ጎን አንድ ስልቻ ማሽላ።»

«በየትኛው አህያ? ሁለቱ ስንቅና ዕቃ፣ ሁለቱ ጥጥ ይዘዋል።»

ጥጡ የሐምዳን ነው፤ ጉባ ወስዶ ሊሸጠው አስቧል። አማርኛውን ከገበያ የለቀመው ስለሆነ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልበታል። «ጥጡማ ቀላል ናት!» አለ ፈጠን ብሎ። «ጥጡ ምን ትከብዳለች? ድንጋይዋ ነው የሚከብደው!»

«እንግዲያው በቅሎዋ ትሸከመዋለች» አለች ዐፊፋ።

በቅሎዋ ለዐፊፋ መቀመጫ የተያዘች ነበረች፤ ዐፊፋ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል። ሐምዳን «አንቺስ?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔ እግር አለኝ» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወፍጮው በግራ፣ ማሽላው በቀኝ፣ የእጁ ድንጋይ መጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሃል ላይ ታስሮ በቅሎዋ ከፊት ሄደች። ጎረቤታቸው ኡምኩልሱም ይህን አይታ ከበሯ ጮኸች፦ «ኡም ዓዲላ፣ የዓዲላ እናት! በቅሎ ላይ ያለችው ሙሽራ ማን ናት?»

ዐፊፋም ወደ ድንጋዩ እያሳየች፣ «ይቺ ናት! ጉባ ልንድራት ነው!» አለች። ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀ ሸኛቸው።

በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ ወደ ግራ እየተጎተተች መሄድ ጀመረች። ዋኘው መጫኛውን ፈትቶ አጠበቀ፤ ጥቂት እንደሄዱ ያው ሆነ። እንደገና አጠበቀ። ከኋላ የምታነክሰው ዐፊፋ ጥቂት አየችና፣ «ዋኘው፣ ማሽላውን የምንበላው ከየትኛው ስልቻ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ዋኘው እጁን ከመጫኛው ላይ አነሣ። ለመክፈት የሚቀርበው የበቅሎዋ ስልቻ ስለሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ከእሱ ሲዘግኑ ነበር። ማሽላው በየቀኑ ሲጎድል ድንጋዩ እንዳለ ነው።

«ሃያ ዓመት ስጭን ኖሬ!» አለ ራሱን እየነቀነቀ። የጎደለውን ካህዮቹ ስንቅ ሞላ፤ ከዚያ ወዲህ የበቅሎዋን ስልቻ ማንም አልነካውም።

በአምስተኛው ቀን፣ ክረምቱ አልፏል ሲባል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። እነሱ ከዛፍ ሥር ተጠለሉ፤ ጥጡ ግን እስኪጠግብ ጠጣ። ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱ ጥጥ የተጫኑ አህዮች ጥቂት ተራመዱና አንዱ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተኛ። ሌላውም አየውና ተኛ።

ሐምዳን ተቆጣ። «ይቺ አህያ ሰነፍ ነው!» ብሎ ጥጡን ራሱ ሊያነሣ አቀፈው። እስከ ሆዱ አደረሰው፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያም በጀርባው ተዘረረና ጥጡ ላዩ ላይ ወደቀ። ከሥር የሚታየው ጢሙና ሁለት እግሩ ብቻ ነበር።

ዋኘው ከበላዩ ቆሞ፣ «ሼህ ሐምዳን፣ ጥጡ ቀላል ናት?» አለ።

ዐፊፋ እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ሲያዳክማት መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ጉልበቷን ያዘች። ሐምዳን ከጥጡ ሥር ወጥቶ ሲያይ ጉልበቷ አብጦ ቅል አክሏል። ቁጣው ከፊቱ ጠፋ።

በቋንቋቸው በበርታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከትናንት ወዲያ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ወፍጮውን ታስጥለኛለህ።»

ሐምዳን በእርግጥም ያስጥላት ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ ጭቃውን ከጢሙ ጠረገ። የተኙትን አህዮች አየ፣ እንደገና ጉልበቷን አየ። ከዚያ ተነሥቶ፣ «ዋኘው፣ ጥጡን አውርድ። ጥጡ ከእኛ ጋር አትሄድም» አለ።

በቅርብ ኻሚስ የሚባል ገበሬና ሚስቱ ማሪያም ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስቱ እንግዶቹን ተቀብለው ሁለት ቀን አሳረፏቸው። ጥጡ በቁጥቋጦው ሁሉ ላይ ተሰጥቶ ኮረብታው ነጭ ሆነ፤ የመንደሩ ፍየሎች ግራ ገብቷቸው ከሩቅ ይጮሁ ነበር። ማሪያም ቅጠል አፍልታ የዐፊፋን ጉልበት አሸችላት። ኻሚስም ጥጡን ሲደርቅ ሊሰበስብና እስኪመለሱ ሊያስቀምጥ ቃል ገባ።

ከዚያ በኋላ ወፍጮው ጥጡ ከተራገፈላቸው አህዮች በጠንካራው ላይ ሆነ፤ ዐፊፋም በበቅሎዋ ተቀመጠች። ሐምዳን ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ዓባይ ሲደርሱ በታንኳ የሚያሻግረው ማህጁብ ወፍጮውን አይቶ፣ «ድንጋይ በታንኳ? ከዚያ ማዶ ድንጋይ የለም ብላችሁ ነው?» አለ። ዋኘው ግን ታንኳውን ዞሮ ካየ በኋላ ወፍጮውን ከታች፣ ልክ መሃል ላይ አስተኛው። «ከታች ሲሆን ያረጋዋል። እሜቴ፣ እርስዎ እላዩ ላይ ይቀመጡ» አላት። ዐፊፋ ተቀመጠች። ታንኳው ሳይወላገድ ተሻገረ፤ አህዮቹና በቅሎዋም ጆሯቸውን አቁመው እየዋኙ ተከተሉት።

ጉባ ሲገቡ ዓዲላ ሆዷን ይዛ እየሮጠች ወጣች። ባሏ ሻዕባን «ቀስ! ቀስ!» እያለ ከኋላዋ ይሮጣል። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፣ አባቷን ሳመች፣ ከዚያ አህያው ጎን ላይ የተሰቀለውን ወፍጮ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። በማግስቱ በዚያ ወፍጮ ተፈጭቶ የተገነፋውን ገንፎ ሻዕባን ሦስት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ዋኘው ከበላ በኋላ ተሰናብቶ ወደ ደጋው ወጣ።

ዓዲላ በኅዳር መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች፤ ዐዋጢፍ አሏት። ሐምዳን የሚሸጠው ጥጥ ስላልነበረው ገበያ አልዋለም፤ ቀኑን ሙሉ ልጅ ታቅፎ ይውላል፣ ካልተነጠቀም አይሰጥም።

በጥር ሲመለሱ ኻሚስ ጥጡን ደረቅ አድርጎ ጠብቋቸዋል። ሐምዳን ግማሹን ለማሪያም ሰጣት። የቀረውን ራሱ በአህዮቹ ላይ ጫነው፤ ሲጨርስም ዐፊፋን ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣትና ወደ አሶሳ ጉዞ ቀጠሉ።