የሒክማ ብረት

ዘንድሮ በዒድ አልፈጥር ማግስት፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለው የጀልባ መቆሚያ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ እህል ነጋዴው አብዱልከሪም፣ ሚስቱ መዲና፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሒክማ፣ ሒክማን ብረት የሚያሠራት ወጣቱ ኪዳነ ወልድ፣ ጎረቤታቸው ዓሣ ነጋዴው ገድሉ። ከእነሱም ሌላ ከሰፈሩ ሰው ቤት የቀረው ጥቂት ነው። ሙስሊሙ የዒድ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ክርስቲያኑም ሁዳዴ ጾም ላይ እንዳለ፣ ሁሉም የመቆሚያው ሳንቃ ላይ ተጠጋግቶ ቆሞ ነበር።

የጠራቸው አብዱልከሪም ነው። ልጁ ሃያ ኪሎ ብረት ከመሬት አንሥታ ከራሷ በላይ ስታቆም እንዲያዩለት ነው የጠራቸው።

አብዱልከሪም በወጣትነቱ ጉልበቱ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በጀልባ የመጣ እህል ሲወርድ፣ ሌላው አንዱን ኩንታል ለሁለት ሲይዝ፣ እሱ ብቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ እያፏጨ ይሄድ ነበር ይባላል። አሁን ሆዱ ቀደም ቀደም ማለት ጀምሯል፤ ወሬው ግን እንዳለ ነው። አላህ የሰጠው አንዲት ሴት ልጅ ነው። ገድሉ ደግሞ ጎረቤትም ወዳጅም ነገረኛም በመሆኑ፣ ባገኘው ቁጥር ይነካካዋል።

"አብዱ፣ ያን ሁሉ ጉልበት ለማን ልታወርሰው ነው? ለአማችህ?"

አብዱልከሪም ይሥቃል። ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሒክማ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኪዳነ ወልድ ግቢ ገብታ "እኔንም አሠራኝ" ማለቷን ሲሰማ፣ ደስታው ከጣራ በላይ ሆነ።

ኪዳነ ወልድ የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ድጓ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው፤ እሱ ግን ዜማው እንቢ ሲለው ብረቱን ያዘ። በሐይቁ ዳር ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ የቧንቧ ዘንግ ጫፍና ጫፉን የቀለም ጣሳ እያጎረሰ፣ ጣሳውን በሲሚንቶ እየሞላ፣ ክብደቱንም በነጭ ቀለም እየጻፈበት ጎረምሳውን ያሠራል። ግቢው ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ብረቱ ሲወርድ ድምፅ ከሰጠ፣ እንዳልተነሣ ይቆጠራል። "ማንሣትማ በሬም ያነሣል፤ ሰው የሚለየው ሲያስቀምጥ ነው" ይላል ኪዳነ ወልድ።

አብዱልከሪም ልጁ ብረት ስታነሣ ሊያይ ግቢው ሲገባ፣ ሒክማ የያዘችው ዱላ ነበር።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለ።

"ዱላ ነው ጋሼ" አለ ኪዳነ ወልድ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

"ዱላነቱንማ አየሁት። ልጄን ከብት ልታስጠብቃት ነው?"

"አያያዙን እያስተማርኋት ነው። ወገቧን ሳታጎብጥ በጉልበቷ እንድትነሣ።"

"እኔ በእሷ ዕድሜ ጤፍ ተሸክሜያለሁ!"

"ታዲያ አሁን ማታ ማታ ወገብዎን የሚያመዎ በምን ይመስልዎታል?"

"እማ ናት የምታሽለት" አለች ሒክማ፣ ዱላውን ከራሷ በላይ እንደ ያዘች።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ጎረምሶች ፊታቸውን አዙረው ሣቁ። አብዱልከሪም አልሣቀም።

"ብረት ልጅ ያሳጥራል የሚሉትን እንኳ እኔ በዐይኔ አላየሁም" አለ ኪዳነ ወልድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያየሁት ከአቅሙ በላይ አንሥቶ የተጎዳ ልጅ ነው። አጥንቷ ገና እያደገ ነው ጋሼ። ቀላል ይዛ በደንብ ትማር፤ ክብደቱ ከዕድሜዋ ጋር ይመጣል። አባቴ ፊደል ላልለየ ልጅ ድጓ አያሸክሙም። ይች ልጅ ገና ፊደል ላይ ናት።"

"የእኔ ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ታነባለች! ስማኝ ልጄ፤ በዚህ ሳምንት ሃያ ኪሎ ካላስያዝኻት አስቀራታለሁ። እቤት እኔው በጆንያ አሠራታለሁ። እህል አላጣሁም።"

ኪዳነ ወልድ ልጅቱን አየ፣ አባትዮውን አየ፣ መሬቱንም አየ። ከዚያ "እሺ" አለ።

በሳምንቱ አዲስ ብረት ተሠርቶ ነበር። ዘንጉ አጭር ነው፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ በሁለቱም ጣሳ ላይ "20" የሚል ተጽፎበታል። ኪዳነ ወልድ አንድ ሕግ ጨመረ። የልጆችን ብረት ትልቅ ሰው አይነካም። አብዱልከሪም ሊነካው አልፈለገም። በር ላይ ቆሞ ሒክማ ቁጭ ብድግ ስትል፣ ብረቱን ደረቷ ላይ አሳርፋ ወደ ላይ ስትገፋው፣ ቀስ አድርጋም ስታወርደው ማየት ይበቃው ነበር። ወደ ሱቁ የሚመለሰው የሰማዩን ደመና በእጁ ሊነካ እንደ ደረሰ ሰው ሆኖ ነው። እህል ሊሸምት የመጣውን ሁሉ ሳይጠይቀው ይነግረዋል።

መዲና አልወደደችውም። "ልጅቱ ጀልባ ናት እንዴ የምትጭናት?" ትለዋለች።

"አንቺ አላየሻትም። ብታያት ትኰሪ ነበር።"

"እኔማ ዱላም ብትይዝ እኰራለሁ።"

ገድሉ ግን አላመነም። "ሃያ? በሕልምህ ነው አብዱ!" አለው በሰው ፊት። አብዱልከሪምም፣ "እንግዲያው በዒድ ማግስት ና፤ ወዳጅ ጠላትህን ሰብስበህ ና!" አለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ኪዳነ ወልድ ይህን ሲሰማ፣ "ይቅርብዎ ጋሼ፤ ልጅ ለትዕይንት አይሆንም" ብሎ ለመነው። የሰማው የለም።

እንግዲህ የዒዱ ማግስት ያ ነው። ኪዳነ ወልድ ብረቱን ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ተሸክሞ አመጣውና ሳንቃው ላይ አስቀመጠው። ሒክማ እጇን ለዒድ ሒና ተቀብታለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች። ሰው ተገፋፋ። ገድሉ ቁጥሩን በቅርብ ላንብብ ብሎ ሲንጠራራ፣ እግሩ ብረቱን መታው። ብረቱ ተንከባለለ፤ ከሳንቃው ጫፍ ላይ ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ ቧ አለ።

"ሰጠመ!" አሉ ሴቶቹ።

አንድ ጎረምሳ ጠልቆ ሊያወጣው ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። ማውለቁን ግን አልጨረሰም። ብረቱ ብቅ አለ። "20" የሚለው ቁጥር ወደ ሰማይ እያየ፣ ማዕበሉ ከፍ ዝቅ እያደረገው፣ ተንሳፍፎ ይሄድ ጀመር።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሳንቃው ጫፍ ተጠጋ።

"ብረቱ ይዋኛል!" አለ አንድ ሕፃን።

ያን ጊዜ ሣቁ ፈነዳ። ገድሉ ሆዱን ይዞ፣ "አብዱ፣ ይኸ ሃያ ኪሎ ነው ወይስ ዳክዬ?" ሲል፣ የሣቀው በድጋሚ ሣቀ። አብዱልከሪም እግሩ ሥር ያለው ሳንቃ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። ኪዳነ ወልድን በክንዱ ያዘው።

"ምን አደረግኸኝ?"

"ውስጡ ደረቅ ደንገል ነው" አለ ኪዳነ ወልድ፤ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል ማለቱ ነው። "ላይ ላዩን ብቻ ነው ሲሚንቶ የቀባሁት፤ ዘንጉም እንጨት ነው። ሁሉም ቢደመር ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። እርስዎ ጆንያ አሸክማታለሁ አሉ። ሌላ ምን ላድርግ?"

አብዱልከሪም ወደ ልጁ ዞረ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ" አለች ሒክማ። "የእማ ጀሪካን ከዚህ ይከብዳል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ።"

ይህ ቃል ከሣቁ ሁሉ ይልቅ ዘልቆ ገባው። ሰው ግን ፋታ አልሰጠውም። "የእውነቱ ይምጣ! የእውነቱ ይምጣ!" የሚል ጩኸት ተነሣ። ሁለት ጎረምሶች ወደ ግቢው ሮጠው የቧንቧ ዘንግ ያለውን የትልቅ ሰው ብረት ለሁለት ይዘው መጡ። ሲያስቀምጡት ሳንቃው ጮኸ።

ሒክማ ወደ ብረቱ ሄደች። ማንም አላዘዛትም። እግሯን እንደ ተማረችው ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ ዘንጉንም ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየችው።

"አባ፣ ላንሣው?"

አብዱልከሪም የእጇን አንጓ አየ። ሒናው ገና ቀይ ነው፤ አንጓዋ ከዘንጉ ውፍረት አይበልጥም። አንሺ ቢላት እንደምታነሣ፣ ባይቻላት እንኳ አንድ ነገሯ እስኪሰበር ድረስ እንደማትለቅ ያን ጊዜ ገባው። ልቧ የእሱ ልብ ነው። ጉልበቱን ለማን እንደሚያወርስ ሲጨነቅ፣ እልሁን ከወረሰች ቆይታለች።

ገድሉ እንኳ ሣቁን ትቶ ነበር። "ተው አብዱ፣ ቀልዴን ነው" አለ።

መዲና በሰው መካከል እየገፋች መጣች። ከመድረሷ በፊት አብዱልከሪም ወደ ፊት ተራመደና እግሩን ዘንጉ ላይ ጫነ።

"ልቀቂው የኔ እናት" አለ። "ይህ የጎረምሳ ብረት ነው። የአንቺ ብረት ያ፣ ውሃ ላይ ያለው ነው።" ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰዉ ተናገረ። "ሦስት ኪሎ ነው! ሰማችሁ? ሃያ ነው እያልሁ አገር ያስቸገርሁት እኔ ነኝ። ልጄም አስተማሪዋም የሉበትም። አሁን አውጡልኝና የምታነሣውን እዩ።"

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ብረቱን በመቅዘፊያው ጎትቶ አቀበለ። ውሃው ከጣሳው ላይ እየተንጠባጠበ ሒክማ እግር ሥር አስቀመጡት። አንዳንዱ ገና ይሥቅ ነበር።

ሒክማ ጎንበስ አለች። ወገቧ እንደ ተሳለ መስመር ቀጥ ብሎ ነበር። በጉልበቷ ተነሣች፤ ብረቱ ደረቷ ላይ ደረሰ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሳይንገጫገጭ ወደ ላይ ወጣና ከራሷ በላይ ቆመ። እዚያው አቆየችው። የእጇ ሒና ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ታየ። ከዚያ በወጣበት መንገድ ሊወርድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተኛ ሕፃን። ሳንቃው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ነበር። ደገመችው። ሠለሰችው። የሚሥቀው ሰው እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ አንድም አልቀረም።

"በል እንጂ፣ ሦስት ኪሎማ እኔስ መች ያቅተኛል?" አለ ገድሉ። እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ወገቡን አጎበጠና ላጥ አድርጎ ወደ ላይ ሰቀለው፤ ሲያወርደው ግን ሳንቃው ድው አለ።

"አልተነሣም" አለች ሒክማ።

"እንዴት አልተነሣም? ሰው ሁሉ አየኝ እኮ!"

"ድምፅ ሰጠ። ድምፅ ከሰጠ አልተነሣም።"

ገድሉ ደገመ። ድው።

"አልተነሣም!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

"ጾም ላይ ሆኜ እኮ ነው!"

"ጾሙ ከእጅህ ላይ ነው እንዴ?" አለችው መዲና፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ከዚያ አብዱልከሪም ራሱ ኮቱን ለሚስቱ ሰጥቶ ቀረበ። ልጁ እንደ ቆመችው ቆመ። ጉልበቱ ሲያጥፈው ቀጭ ብሎ ጮኸ። አነሣው፣ ከራሱ በላይ አቆመው፤ ሲያወርደው ላብ ፊቱን አጠበው። ኩንታል በትከሻው ጥሎ የሮጠ ሰው፣ ሦስት ኪሎ ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ አያውቅም ነበር። ጣሳው ሳንቃውን ነካ። ሁሉም ወደ ሒክማ ዞሮ ፍርዷን ጠበቀ።

ሒክማ አሰበች። "አባ" አለች በመጨረሻ፣ "ትንሽ ሰማሁ።"

አብዱልከሪም ሳንቃው ላይ ቁጭ ብሎ ዕንባው እስኪመጣ ሣቀ። ልጁን ወደ ራሱ አስጠጋትና፣ "አያችሁልኝ?" አለ። "ለአባቷ እንኳ አታዳላም! ያስተማራት የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ዕድሜ ይስጠው። ልጅነቷ ግን የእኔ ነው!" ኪዳነ ወልድ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ገድሉም ብረቱን አገላብጦ ሲያየው ቆየ።

በሳምንቱ ገድሉ ጸሎት የምትባለውን ትንሿን ልጁን ይዞ ኪዳነ ወልድ ግቢ ሄዶ አስመዘገባት። ሒክማ ፈተና ስለ ደረሰባት ከዚያ ወዲህ የምትሠራው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።