የሰፍያ ናሙና

መስቃን ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ የአረም መድኃኒት መርጫ አዝሎ ሲውል ሰፍያ ብቻ ቦሎቄዋን በእጇ አረመች። ማሳው የሟች ባሏ ነው። የባሏ ወንድም ሽፋ ይገባኛል ብሎ ቢከሳት ሽማግሌዎች፣ «የገበሬዎች ዩኒየኑ ምርቷን ከተቀበለ መሬቱ የሷ፤ ካልተቀበለ ሽፋ ይውረሰው» ብለው ፈረዱ። ዩኒየኑ የሚገዛው ደግሞ በላቦራቶሪ ተመርምሮ መድኃኒት ያልተገኘበትን ብቻ ነው።

ናሙና አምጪ ስትባል ፍሬ በፍሬ ለቀመች። ዕቃም መረጠች፤ ከቤቷ ዕቃ ሁሉ ክዳኑ የሚገጥመውን ሰማያዊ ጀሪካን በአመድ ፈትጋ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ቦሎቄውን ሞላችበት። እስከ ወልቂጤ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው ሄደች፤ የተኛ ሕፃን ይመስል።

ለውጤት ስትመለስ መርማሪው ነብዩ ጀሪካኑን ከመደርደሪያ አውርዶ ጠበቃት።

«እናቴ፣ የአረም መድኃኒት ተገኝቶበታል። ቱፎርዲ።»

«ወላሂ አልረጨሁም! እጄን እየው።»

ዘረጋችለት። አላየውም። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«አውቃለሁ። እሱ ቢረጭበትማ ቦሎቄው ራሱ ይደርቅ ነበር። ይኼ መድኃኒቱ የተሸጠበት ጀሪካን ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ። አጥቤዋለሁ እኮ!»

«በመታጠብ አይለቅም።»

«እንግዲያው ሌላ ላምጣ፣ በጨርቅ ቋጥሬ።»

«የተመዘገበ ናሙና አይቀየርም።»

«አንተ አውቀኸው የለ! ዕቃው ነው ብለህ ጻፍላቸው፣ በአላህ።»

ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠው ባልደረባው ብቅ አለ። «ሴትዮ፣ ያመረትሽው ቦሎቄ ነው ጀሪካን?»

ሁለቱም ሳቁ። ነብዩ ፈርሞ ማኅተሙን መታ። «እኔ የምጽፈው ማሽኑ ያለውን ነው።»

ሰፍያ በሩ ላይ ቆመች። «አቻው ቤት አለ። ልጆቼ ውሃ የሚጠጡበት።»

«ጣይው» አላት፣ ቀና ሳይል።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ወረቀቱን ተቀባበሉት። የዕቃውን ነገር ነገረቻቸው። አንዱ፣ «ዕቃውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ» አለ። ሌሎቹም መሬቱን ለሽፋ ፈረዱ።

ሽፋ በሬዎቹን ጠምዶ ነበር የመጣው።

«ወይፈኑ ገና አልተገራም» አላት። «ከፊት ምሪልኝ። መሬቱን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰፍያ ወረቀቱን ጉያዋ ከተተችና ገመዱን ተቀበለችው።