የቸሩ እንቅልፍ

ቸሩ ሰሊጥ ሊያጭድ ከወሎ የወረደ ሳሉግ፣ የወቅት የቀን ሠራተኛ ነው። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ካለ እርሻ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሆስፒታል ሲመጣ፣ ያመጡት ሰዎች “ከትራክተር ወድቆ ነው” አሉ። ዶክተር አለምሰገድ የመተንፈሻ ቱቦ አስገብቶ በመድኃኒት አስተኛው።

“እንቅልፉ መጥለቁን በምን አውቃለሁ?” አለች ነርሷ ዘምዘም።

“በልቡ። በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለኪው። ሰው በመድኃኒት በጥልቁ ሲተኛ ክፍተቱ ሁሉ እኩል ለመሆን ይቃረባል። እንቅልፉ ሲሳሳ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ይጠቁምሻል።”

ሁለት ቀን ሙሉ ከልብ ምት መለኪያ ማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት በማስመሪያ ለካች፤ እኩል ነበር። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ መድኃኒቱን ትንሽ ቀነሰው። ረፋድ ላይ አገኘሁ የሚባለው የእርሻው ካቦ መጣና ወደ ቸሩ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ብታይ ክፍተቶቹ ተዘበራርቀዋል። ጓደኞቹ መጥተው ሲያለቅሱ፣ እሷም ገላውን ስታጥብ ግን ምቱ ብዙም አልተለወጠም። በማግስቱ ካቦው ተመለሰ፤ ምቱ ዳግም ተዘበራረቀ።

በሦስተኛው ጉብኝቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

“ብትነቃም አፍህን ይዘህ ንቃ” ይላል አገኘሁ። “የእናትህን ደጅ አውቀዋለሁ።”

ዘምዘም መጋረጃውን ገለጠችው። “ይውጡ፣ ጋሼ!”

“ምን አጠፋሁ? ተኝቷል አላላችሁም?”

“ቢተኛም ይሰማል!”

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ምስጢሩን እንዳወጣችበት ገባት። አገኘሁ እሷን ትቶ ወደ ቸሩ ክንድ የሚወርደውን የመድኃኒት ቱቦ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ።

ዘምዘም ስትነግረው ዶክተሩ ወዲያው በሩ ላይ ዘበኛ አቆመ፣ ለፖሊስም ደወለ። ካቦውን ግን እርሻውም ላይ፣ ከተማውም ውስጥ ያየው ሰው ጠፋ።

ከአራት ቀን በኋላ ቸሩ ነቃ፤ ቱቦውም ወጣለት። ፖሊሱ “ማነው የመታህ?” ሲለው ዓይኑን ከበሩ ላይ ሳይነቅል፣ በሰለለ ድምፅ “ማንም። ከትራክተር ነው የወደቅሁት” አለ።

“እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ” አለች ዘምዘም።

ፖሊሱ ቃሏን ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

“ፈርሚ። ከሥሩ ሙሉ ስምሽንና የምትኖሪበትን ሰፈር ጻፊ።”

ዘምዘም ብዕሩን አንስታ እሷም በሩን አየች። ከዚያ ጻፈች።