የጋሽ ኡሱዛዋ ሰም

ቀለሙ እንደገና ሸሸ።

በጋሽ ኡሱዛዋ መኪና በር ላይ ነጩን ረጭቼ መርጫውን ገና ሳላስቀምጥ፣ እያየሁት ክብ ክብ እየሆነ ተሸነቆረ። ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። ጭምብሌን አውልቄ ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

"ምነው?" አሉ አለቃዬ ኦሪካሳ ከውጭ።

"ያው ነው።"

ገብተው በሩን አዩና ግንባራቸውን ያዙ። "ናኦያ፣ ስማኝ። እዚህ በር ላይ ያፈሰስኩት ቀለም የዚህን ወደብ ጀልባ ሁሉ ይቀባ ነበር። አንዴ ይደገምና ይህን ክፍል ዘግቼ የጎማ መጋዘን አደርገዋለሁ። መኪናዎቹን ሞሪዮካ ከተማ ልኬ አስቀባለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተማ ጎማ ትደረድራለህ።"

ጋራዡ ውስጥ ሰው ሁሉ ይጮሃል፤ ብረቱም ይጮሃል። ቀለም መርጫው ክፍል ውስጥ ግን የቬንትሌተሩ ድምፅና እኔ ብቻ ነን። ነጩ ጉም ብረቱ ላይ ሲወርድ ሐሳቤ የት የት እንደሚሄድ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚያ ወጥቶ ጎማ መደርደር ለእኔ በቁም መቀበር ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ምክንያቱን ሁላችንም ማወቃችን ነው። ጋሽ ኡሱዛዋ በመኪና እየዞሩ በየደጁ ዓሣ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። የባሕሩ ጨው መኪናቸውን ስለሚበላው በየጊዜው ወደኛ ያመጡታል። ቆሻሻ መኪና ይዞ ሰው ደጅ መሄድ ነውር ነው ብለው ግን፣ ከማምጣታቸው በፊት አጥበው በሰም ሲያሹት ይውላሉ። የሰሙን ቆርቆሮ ጀርባ አንብቤዋለሁ፦ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም፣ እሱን የሚያለሰልስ የነዳጅ ማሟሟ፣ የሲሊኮን ዘይት። ዘንባባው ምን አደረገኝ? ማሟሟውም ይተናል። ጠላቴ ሲሊኮኑ ነው። ዝናብን ከመኪና ላይ እንደሚያባርር ሁሉ የኔንም ቀለም ያባርራል። ብወለውለው በጨርቁ ይዛመታል፤ በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍገው ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ብናኙ ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ የሌላ ሰው መኪና ላይ ያርፋል። የፖስታ ቤቷን ሴትዮ ቀይ መኪና ያበላሸው ማን ሆነና!

አልነገርኳቸውም እንዳይባል ነግሬያቸዋለሁ፤ በአገራችን ወግ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ። "ጋሼ፣ ይህን ያህል ባይደክሙ" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝና በሚቀጥለው ጊዜ ደርበው ቀብተው መጡ። "እንዳለ ቢያመጡትም ለኛ ይበቃናል" ስላቸው ደግሞ ፊታቸው ቀላ። አላማረም ያልኳቸው መሰላቸው። ከተማ ሄደው ዓመት ሙሉ አይለቅም የተባለ ውድ የመኪና መከላከያ ቅባት ገዙ፤ እሱማ እንደ መዥገር ነው፣ ከያዘ አይላቀቅም።

"አለቃ፣ እርስዎ ይንገሯቸው" አልኩ።

"እኔ? ይህን ሁሉ ዘመን ዓሣቸውን በነፃ ስበላ ኖሬ? አንተ ልጅ ነህ፤ ብታጠፋ 'ልጅ ነው' ይባልልሃል።"

"ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።"

"እኮ፣ ልጅ!"

የአለቃዬ ባለቤት እትዬ ኪኑዮ በቢሮው መስኮት ብቅ አሉ። "ሳሙና ገዝተን ብንሰጣቸውስ? መኪናውን በሳሙና ብቻ ይጠቡት ማለታችን ይገባቸዋል።"

"አንቺ ሴት፣ ይሸታሉ ያልናቸው ነው የሚመስላቸው!"

ዓሣ ቀን አይሰጥምና ጋሽ ኡሱዛዋ መኪናውን እንደተሸነቆረ ወስደው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠብኩ፤ ማጣሪያውን ለወጥኩ። በሳምንቱ መኪናውን እንደ መስታወት እያብለጨለጩ መጡ፤ ልክ ክፍሉ በር ላይ አቆሙና ወረዱ። "መንገድ ላይ ትንሽ አቧራ ነካው" ብለው ከኪሳቸው የሰም መርጫ አወጡ። ፊስስ! ቬንትሌተሩ ጉሙን ወደ ውስጥ ሲስበው አየሁ።

"አይንኩት!" ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው መርጫውን እንደያዙ ወደኔ ዞሩ።

"ምን አልከኝ?"

"ሰሙ ነው! ቀለሜን የሚያበላሸው የእርስዎ ሰም ነው! እባክዎን አይቀቡት፣ አይወልውሉት፣ እንዲያውም አይጠቡት!"

አለቃዬና እትዬ ኪኑዮ እየሮጡ መጥተው ወገባቸው እስኪቆረጥ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ። ሽማግሌው አላዩዋቸውም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት ሆነው።"

"ሁለት ዓመት!" ወደ አለቃዬ ዞሩ። "ኦሪካሳ፣ አንተ የማትረባ! ሁለት ዓመት ሙሉ እየሳቅህ ዓሣዬን ትበላለህ? እኔ ዓሣዬ ሲበላሽ ለገዢው 'ይቅርብህ' እለዋለሁ። እናንተ እኔን እንደ ሕፃን ስታባብሉኝ ኖራችኋል!"

የመኪናቸውን በር ድርግም አድርገው ነድተው ሄዱ።

"ቀለሙንም ደንበኛውንም ጨረስክልኝ" አሉ አለቃዬ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም አልሰጡኝ።

ጋሽ ኡሱዛዋ ግን አንድ ማለዳ በጓሮ በኩል መጡ። መኪናው የዓሣ ቅርፊት በቅርፊት ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ የባሕር ወፍ ኩስ ደርቋል፤ ጎኑ በጨው ነጥቷል። ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ።

"ሰው ሳያየኝ ቶሎ አስገባው። እናቴ ይህን ብታይ ከመቃብር ትነሣ ነበር።"

አጠብኩት። በየውልወላው ጨርቅ እየቀየርኩ በማሟሟ ጠረግሁት። በሩን እስከ ብረቱ ፋቅሁ፤ ፀረ ዝገት ቀባሁ። ከዚያ ነጩን ረጨሁና ትንፋሼን ያዝኩ። አለቃዬ ከመስታወቱ ውጭ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ ይሳደቡ እንጃ።

ቀለሙ ተኛ። ነፋስ እንደሌለበት ባሕር ልጥጥ ብሎ ተኛ።

አለቃዬ ገቡ፤ አጎንብሰው በጎን አዩት፤ በዚያኛው በኩል ዞረውም አዩት። "ለጎማው ሌላ ቦታ እንፈልጋለን" ብለው ወጡ።

እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ዓሣ ሻጭ የማያንኳኳው ደጅ እንደሌለ ረሳሁት። በማግስቱ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ቀይ መኪናዋን እስከ መስኮቱ ጭቃ አልብሳ መጣች። ከኋላዋ የቤተ መቅደሱ ካህን መኪና ኩስ ተለቅልቆ ቆመ፤ የምን ኩስ እንደሆነ አልታወቀም። ከእሱ ኋላ ደግሞ የሩዝ ገበሬው።

"ይኸው አልነካሁትም" አለች ሴትዮዋ በፍርሃት። "እንዳትጮህብኝ።"

"እኔ እኮ ሰም አትቀቡ ነው ያልኩት! ጭቃ አምጡ አልኩ?"

"ጋሽ ኡሱዛዋ እንዲያ ነው ያሉን" ብላ ጎንበስ አለችልኝና ቁልፉን እጄ ላይ አኑራ ሄደች።

የውኃውን ቱቦ ፈትቼ ጭቃውን ማጠብ ጀመርኩ።