የዋንዛው ሽበትና ዓሣ ነባሪው

ሽብሩ ሰው አያምንም። የቡና ሚዛን አያምንም፣ የአየር ትንበያ አያምንም፤ ከማሳው በላይ ጉብታው ላይ ድንጋይ መፍጫ ሊተከል ነው ከተባለ ወዲህ ደግሞ የገዛ ጥላውንም መጠርጠር ጀምሯል። መፍጫው ከመጣ የመንደሩ የዱመርሶ ቡና አቧራ ለባሽ ይሆናል፤ የእሱ ማሳ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ።

ስለዚህ ሩሃማ የምትባል ተማሪ ከዲላ መጥታ ማሳው ውስጥ አባቱ የተከለውን ዋንዛ በማጉያ መነጽር ስትመረምር ሲያያት ገጀራውን እንደያዘ ጠጋ አለ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ይቺን ነው የማየው ጋሼ» አለች፣ ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ የዛፍ ሽበት እያሳየችው። ስልኳን አውጥታም የዓሣ ነባሪ ፎቶ ከፈተችለት። «ይኼ ቤት ያክላል፣ ይቺ ጥፍር አታክልም። ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ብዙ ዘመን ነው የሚኖሩት። ባሕሩ ሲቆሽሽ እሱ ይጎዳል፣ አየሩ ሲቆሽሽ ይቺ ትሞታለች። እሱን መንካት በሕግ ተከልክሏል፤ ለይቺም እንደዚያ እንዲደረግላት ነው የምፈልገው። ሰኞ ቦታውን ከሚያዩ ሰዎች ጋር እመለሳለሁ።»

ሽብሩ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ «ተከልክሏል» የሚለውን ቃል ግን አሳምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ሽበቱ ይከለከላል፣ ቀጥሎ ዛፉ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ቡና፤ በመጨረሻ መሬቱን አጥረው ለመፍጫው ይሰጡታል። ልጅቷን የላኳት የመፍጫው ሰዎች ናቸው ብሎ ደመደመ።

እሑድ ሚስቱ አመለወርቅ ቸርች ስትሄድ ወገቤን አሞኛል ብሎ ቀረ። መሰላል አቁሞ ግንዱን ከላይ እስከ ታች በገጀራ ፋቀው። ሲጨርስ ዋንዛው ገና ጢሙን የተላጨ ሰው መሰለ። ሽብሩ ጉድ ሠራኋቸው ብሎ ደስ አለው።

ሰኞ ሩሃማ ሁለት የመንግሥት ሰዎች አስከትላ መጣች። ግንዱን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ጋሼ፣ ማን ነው የፋቀው? መፍጫው እዚህ እንዳይተከል ማስረጃዬ ይኼ ሽበት ብቻ ነበር። ሌላ ዛፍ ላይ አላገኘሁም።»

አንደኛው ሰውዬ እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቀ። «እርስዎ ፍቀውት ከሆነ ይንገሩኝ አባቴ። ሽበቱ ነበረ ብዬ እመዘግባለሁ።»

ሽብሩ ደነገጠ። እውነቷን ቢሆንስ? እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ግን የሰውየው ትሕትና አልጣመውም። እንዲህ ያለ ደግ የመንግሥት ሰው ከየት መጣ? እኔ ነኝ ቢል ቅጣት ይጽፍበት ይሆናል።

«ድሮም አልነበረበትም» አለ።

ሰውየው «የለም» ብሎ ጻፈ። ጓደኛውም ለመፍጫው ቦታ ችካል ሊመታ ወደ ጉብታው ወጣ።