ቀጭኗ እምቢልታ

ከደጃዝማቹ ሦስት እምቢልታ ነፊዎች አንዱ ሲሞት፣ ንዋይ ቦታውን ተመኘና የቤቱን አንድ ሙክት እየጎተተ ይፋግ ገበያ ወረደ። በሙክት የምትገኘው አንዲት ቀጭን እምቢልታ ብቻ ነበረች። ሻጩ «ስትነፋት ጉማሬ ከጣና ወጥታ ታለቅሳለች» ብሎ ማለለት። ንዋይ ነፋት፤ የገበያው ውሻ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጦ ጮኸ፤ ወሰዳት።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ከደጃዝማቹ ግቢ ደርሶ ከቀሩት ሁለቱ ነፊዎች ጋር ነፋ። ቃናዋ ከእነርሱ አልገጥም አለ።

«ልጄ፣ እምቢልታ ሦስቱ ባንድ ላይ ተመጥኖ ይሠራል እንጂ ለብቻው ይገዛል?» አሉ ሽማግሌው ነፊ።

«እንግዲያ የሟቹን ይስጡኝ፣ አባቴ።»

«ትናንት ባዶ እጁን ለመጣ ሰው ሰጠነው። አንተን የሞከርንህ ምናልባት ትሻል እንደሆን ብለን ነው።»

«ትናንትማ እኔ ገበያ ነበርሁ» አለ ንዋይ።